በሌላ ሰው ስም የተሸጠ ሰፈር

ሻሂር ሲኒዋን ተቀበለ፤ ወደ አፉ ግን አላስጠጋትም። ጎንበስ ብሎ ከጫማው ፊት ምንጣፉ ላይ አስቀመጣትና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

ድንኳኑ ውስጥ ስለ ቲማቲም ዋጋና ስለ ዝናቡ መዘግየት ይወራ የነበረው ወሬ ባለበት ቆመ። ኢርቢድ ከተማ ውስጥ ለቅሶ ቤት ገብቶ ቡናውን መሬት የሚያስቀምጥ ሰው ለማጽናናት ብቻ አልመጣም፤ ልመና ይዟል። የቤቱ አባት «ጠጣ፣ የመጣህበት ሆኖልሃል» እስኪለው ድረስ ሲኒዋን አይነካትም። ሳይጠጣ ተነስቶ ከሄደ ውርደቱ የእሱም የቤቱም ነው።

የሟቹ የዋስፊ ታላቅ ወንድም ጋሌብ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከትናንት ጀምሮ የመጣውን ሁሉ እጅ እየጨበጠ፣ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ሲሉት አሜን እያለ ነው የዋለው። ሻሂር ሲመጣ ግን እጁን አልዘረጋም፤ የላላ ነገር ያየ ይመስል የድንኳኑን ገመድ ያዘ። አሁን ሲኒዋን መሬት ላይ ሲያያት ደሙ ፈላ። ሌባ በሰረቀው ሰው ለቅሶ ላይ መገኘቱ ሳያንስ ጭራሽ ልመና!

ወደ አጎቱ ወደ ፋሊህ ጆሮ ጠጋ አለ። «ይሄን ሰውዬ ላስወጣው?»

«ቡናው ለአባትህ ነው የተቀመጠው» አለ ፋሊህ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «አንተ ገመድህን ያዝ።»

አጠገባቸው የነበሩት ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ጋሌብም ይቺን ንቀት ከቀሩት ጋር ልቡ ውስጥ አስቀመጣት።

የተቀመጡበት ብዙ ናቸው። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰ አባቱ ከትምህርት ቤት አውጥተው ጎሚስታ ቤት አስገቡት። ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ የሚያስታውስለት ጠፋ እንጂ። በጎማ በጠቆረ እጁ ያመጣው ገንዘብ ለታናሹ ለዋስፊ ኮምፒውተር ተገዛበት። ልጁ ጭንቅላት አለው ተባለ። የጋሌብ ጭንቅላት ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም። ዕቃው ቤት የገባ ዕለት ሰው ሁሉ ከበበው፤ እሱን ግን እጅህ ቆሻሻ ነው፣ እንዳትነካ አሉት። አልነካም። ከዚያ ወዲህም የማንንም ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም።

ዋስፊ በዚያ ኮምፒውተር ሐኪምም መሐንዲስም አልሆነም። የሰፈሩ ጎረምሳ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ተሰልፎ ለሚጫወተው የተኩስ ጨዋታ ሰፈር ይሠራ ጀመር። ጨዋታውን የሠሩት ፈረንጆች ናቸው፤ ተጫዋቹ ግን የራሱን ሰፈር ሠርቶ እንዲጨምርበት ፈቅደዋል። በማያውቀው በረሃ መታኮስ የሰለቸው ልጅ በገዛ አትክልት ተራው፣ በገዛ ትምህርት ቤቱ ጣራ ላይ መታኮስ ሲችል እብድ ሆነ። ሻሂር የካፌው ባለቤትና የዋስፊ የልብ ጓደኛ ነበር። ሰፈሮቹን በሲዲ እየገለበጠ በግማሽ ዲናር ይቸበችባቸዋል። ሲዲ ሲቀር ደግሞ በኢንተርኔት ለኢራቅም ለአልጄሪያም ሸጧቸው።

አንድ ቀን ዋስፊ ሜትር ይዞ ጎሚስታ ቤት ድረስ መጣ። የበሩን ስፋት ለካ፤ የጎማውን ክምር ቁመት ለካ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የዘይት እድፍ ሳይቀር ፎቶ አነሳ።

«ልትገዛው ነው?» አለ ጋሌብ።

«ልሠራው ነው።»

«የተሠራ ነው እኮ። ዐይንህ አያይም?»

ዋስፊ እየሳቀ ሜትሩን ጠቀለለ። «ሰፈሩ ውስጥ መደበቂያ ጠፍቶኝ ነው። ካንተ ጎማ ጀርባ የገባ ሰው ጥይት አያገኘውም፤ እንዲያ አድርጌ ነው የምሠራው።»

ትንሽ ቆይቶ ጎማ የሚያስነፉ ልጆች «ትናንት በርህ ላይ ገደሉኝ» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። ጋሌብ ካፌው ሄዶ አየው። የራሱ መንገድ ነው፣ የራሱ ጎማ፣ የራሱ እድፍ። ከመንገዱ ራስ ላይ ባለው ግድግዳ ግን በትልልቁ «የሻሂር ሥራ» ተብሎ ተጽፏል። ዋስፊ የሚል የለም። ማታ ቤት ሲጠይቀው ዋስፊ ተወው ብሎ ፊቱን አዞረ።

ዋስፊ ይተወው እንጂ ጋሌብ አልተወውም፤ የሁለታቸውንም ቂም ለብቻው ያዘ። አንድ ክረምት ሻሂር የተነፈሰ ጎማ በዝናብ እያንከባለለ ሲመጣ «ዘግተናል» አለው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ሻሂር በሩንም እሱንም አየና ጎማውን ይዞ ተመለሰ፤ አንዲት ቃል አልተናገረም። ጋሌብ ይህንን ዝምታ የሌባ ዝምታ ነው ብሎ አሳደረው።

አሁን ዋስፊ በኩላሊት በሽታ ማቅቆ ትናንት ተቀብሯል። ሻሂርም ያልተጠጣ ቡና ፊቱ አስቀምጦ ተቀምጧል።

ድንኳኑ ሁሉ የጋሌብን አባት አቡ ጋሌብን ያያል። አቡ ጋሌብ በወጣትነታቸው ድንበር ላይ የጓደኞቻቸውን ሬሳ የተሸከሙ ጡረተኛ ወታደር ናቸው። እንደ ደንቡ ሳይሰሙ «ጠጣ» ማለት ነበረባቸው። እሳቸው ግን አገጫቸውን ምርኩዛቸው ላይ እንዳሳረፉ «መጀመሪያ ተናገር» አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አጎቴ አቡ ጋሌብ» አለ ሻሂር፣ «ዋስፊ ልጅ አልወለደም። የተወው ያንን ሰፈር ነው። እሱም በኔ ስም ይጠራል። ልጅን በአባቱ ስም ጥሩ ተብለናል፤ የሰው ልጅ በስሜ ይዤ መኖር ከበደኝ። ስሜን ላንሳና የሱን ልጻፍ። መሐላዎን ያንሱልኝ።»

«የምን መሐላ?» አለ ጋሌብ፤ ድምፁ ከሚገባው በላይ ወጣ።

ሻሂር መልሱን ከአዛውንቱ ጠበቀ። ኋላ ዐይኑን ከምንጣፉ ሳያነሳ እሱው ተናገረ። የመጀመሪያው ሲዲ ሲወጣ ግድግዳው ላይ የተጻፈው «ዋስፊ ሰላማ» ነበር፤ የልጁ ስም ከአቡ ጋሌብ መጠሪያ ከሰላማ ጋር። አንድ ጎረቤት አቡ ጋሌብን ካፌው ድረስ ወስዶ ኑ የልጅዎን ሥራ ይዩ አላቸው። አቡ ጋሌብ ሲያዩ ጨዋታው ውስጥ በራሳቸው ደጃፍ ላይ አንድ ልጅ ተመትቶ ወደቀ፤ ደሙ ከስማቸው ሥር ተረጨ። ውጭ ወጥተው ዋስፊንና ሻሂርን ጠሩና፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ወላሂ ስሜ ሰው በሚወድቅበት ግድግዳ ላይ አይጻፍም ብለው ማሉ። የልጅ ስም ያለ አባት አይቆምምና ዋስፊ ሁለቱንም ስም አጠፋ። ስም የሌለውን ሥራ ግን በማግስቱ ሌላ ነጋዴ የኔ ነው ብሎ ይሸጠዋል። ስለዚህ ሻሂር የራሱን አዋሰ። ገቢውን እኩል ሲካፈሉ ኖሩ። ዋስፊ፣ ለአባቴ ዕድሜ ይስጠው፣ እኛ እንጠብቃለን ይል ነበር። እሱው ተራውን ሳይጠብቅ ሄደ።

ጋሌብ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ስንት ክረምት ሙሉ ያሳደገው ጥላቻ በድንገት ባለቤት አጣ። ሻሂርን አየ፤ አባቱን አየ፤ የትኛው ላይ እንደሚያሳርፈው አላወቀም።

አቡ ጋሌብ ሲኒዋን ብዙ አዩ።

«ቡናው ቀዝቅዟል» አሉ በመጨረሻ። «ድፉትና ትኩስ ስጡት። ይጠጣ።»

ሻሂር ጠጣ፤ በቃኝ ለማለት ሲኒዋን ወዝወዝ አድርጎ መለሰ። ወሬው ወደ ቲማቲሙ ተመለሰ።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ እንግዳው ሲሳሳ ጋሌብ አባቱን ጓሮ፣ በለሷ ሥር አገኛቸው።

«አባ፣ ለምን አልነገሩኝም? ያንን ሰው ከደጄ መልሻለሁ እኮ።»

አዛውንቱ ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ዋስፊ ነው አትንገረው ያለኝ። 'ስለ ትምህርቱ ያዘነብህ ይበቃዋል፤ ሁለተኛ አትጨምርበት። ይልቅ ሻሂርን ይጥላ፤ ሻሂር ይችለዋል' አለኝ።»

ጋሌብ አንድ ቅጠል ቆርጦ በጣቶቹ መሐል አሸው። ስለ ትምህርቱ ማዘኑን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለመሆኑ ያ ከኮምፒውተሩ ቀና የማይል ልጅ ይህንን መቼ አየው?

«እኔስ» አለ፣ «ዝም ብዬ ነበር እኮ።»

«ዝም ስትል ነው የሚያስታውቅብህ» አሉ አባቱ።

በሦስተኛው ቀን ቡና ቀጂው ሲመጣ አቡ ጋሌብ መዳፋቸውን አነሱ፤ መሐላቸውን ለመፍታት ጾመኛ ናቸው። ፋሊህ ወንድሙን ሊያግባባ ሞከረ። የለቅሶ ቤት ምግብ ከጎረቤት እየጎረፈ ነው፤ ለመሐላ መፍቻው ከዚያው ላይ አሥር ድሃ ማብላት ይበቃል አለ።

«በሰው ማዕድ መሐላዬን አልፈታም» አሉ አቡ ጋሌብ። «የኔ ኪስ ደግሞ ሆስፒታል ቀርቷል። የማለው አፌ ነው፤ አፌ ይክፈል።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ድንኳኑ መፈታት ጀመረ። ልጆች ወንበሩን እየደረደሩ ወደ መኪና ይጭናሉ። ሻሂር ላፕቶፑን ይዞ መጣና አንዲት ጠረጴዛ ላይ ከፈተው። ስክሪኑ ላይ የጎሚስታው መንገድ ባዶውን ተዘርግቷል፤ ሰው የለበትም፣ ተኩስ የለበትም። ከመንገዱ ራስ ያለው ግድግዳ አዲስ በኖራ የተቀባ መስሎ ነጭ ሆኗል።

«የኔን አጥፍቻለሁ» አለ ጋሌብን። «ጻፍ።»

«አንተ ጻፈው። እጄ...» ብሎ ጋሌብ መዳፉን አሳየ። በሳሙና የማይለቅ ጥቁር በየመስመሩ ገብቶበታል።

«እንደሱ ሆኖ ነው የሚጻፈው» አለ ሻሂር፤ ወንበርም ሳበለት።

ጋሌብ ተቀመጠ። ፊደሉን ያውቀዋል፤ ኪቦርዱ ላይ ያለበትን ቦታ ግን አያውቅም። በአንድ ጣቱ እየፈለገ፣ የሚነድ ነገር እንደሚነካ ሰው ነካ እያደረገ የወንድሙን ስም ለቀመ። እያንዳንዷ ፊደል በተነካች ቁጥር ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ትወጣለች። ዋስፊ የሚለው ሲሞላ ቀና ብሎ አባቱን አየ።

«የእርስዎንስ?»

አቡ ጋሌብ አጠገባቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው የማፍጠሪያቸውን ቴምር በጣቶቻቸው ይዘዋል። «ሙሉውን» አሉ።

ጋሌብ እንደገና ጎንበስ አለ። ወዲያው ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ወንበር የሚጭኑት ልጆች እጃቸውን አቆሙ። ሻሂር ውኃ ቀድቶ አቀረበ። አዛኑ ሄዶ ሄዶ አለቀ። ጋሌብ አሁንም የመጨረሻዋን ፊደል አላገኛትም፤ ጣቱ አየር ላይ ትዞራለች። ሊያሳየው የሞከረም የለም።

«ሰውዬ፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ አፍጥር እንጂ» አለ ፋሊህ።

አቡ ጋሌብ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቴምሯን ከንፈራቸው አጠገብ አድርሰው፣ ዐይናቸውን ከትልቁ ልጃቸው ጣት ሳይነቅሉ፣ ፊደሏን እስኪያገኛት ድረስ ጠበቁት።