ቁጥር የሌላቸው ክቦች

አናጺውን ሰፈሩ ሁሉ «ውሃ ልክ» ይለዋል። ውሃ ልክ አናጺ የዕቃን ዝንባሌ የሚለካበት መሣሪያ ነው፤ እሱ ግን መሣሪያ አያሻውም ነበር። በር ላይ ቆሞ አንዴ ገልመጥ ካደረገ «ያ መደርደሪያ ወደ ግራ ሰክሯል» ይላል፤ ሲለካም ሰክሮ ይገኛል። አሁን ያ ዓይን ከድቶታል። መሃሉ ላይ ጭስ ተቀምጦበት፣ የሚያየው ዳር ዳሩን ብቻ ሆኗል። ይህን ከራሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

አባቱም እንዲሁ ነበሩ። የዓይናቸውን መድከም ደብቀው ሲሠሩ፣ ክብ መጋዙ ጣቶቻቸውን ይዞባቸው ሄደ። የዚያን ዕለት ክርናቸውን ይዞ ከዎርክሾፑ ያስወጣቸው ውሃ ልክ ራሱ ነው፤ አባትየውም ተመልሰው አልገቡም። ከዚያ በኋላ አብሮት ከሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ጋር ተማማሉ፤ ከሁለታችን ዓይኑ የደከመ፣ ሳይጨቃጨቅ ይወጣል ተባባሉ። ያኔ ሁለቱም ገና ለጋ ስለነበሩ መሐላው ቀላል ነበር።

አሁን ግን ወጥቶ የት ይሄዳል? አላገባ፣ አልወለደ። እሑድ እንኳ ሲመጣ የሚገባበት የሚጠፋው ሰው ነው።

ጉዱን ሊያወጣበት የደረሰው ብርጭቆ ወረቀት ነው። እንጨት ማለስለሻዋ ማሽን ላይ የሚለጠፈውን ክብ፣ ከዚሁ ሸካራ ወረቀት ላይ በእርሳስ እየከበበ በመቀስ የሚቆርጠው እሱ ነበር። የእርሳሱ መስመር ሲጠፋበት ክቦቹ ተንሻፈፉ። የተንሻፈፈ ክብ ደግሞ ማሽኗን ያንቀጠቅጣታል።

«ጋሼ፣ ይቺን ማሽን ምን ነካት? ወባ የያዛት መሰለች እኮ!» አለ ታናሽየው።

«አርጅታ ነዋ! አንተስ ብትሆን ደረጃ ስትወጣ ትንቀጠቀጥ የለ?»

ታናሽየው ሳቀ። ውሃ ልክም አብሮት ሳቀ፤ ውስጡ ግን ድንግጥ ብሏል።

በነጋታው የወዳደቀ ብረት መሃል ዳብሶ፣ ከማሽኗ ገጽ ጋር ልክ የሚሆን የቧንቧ ቁራጭ አገኘ። ጎረቤት ያለው በያጅ አናቱን በወፍራም ብረት ደፈነለት። አፉን እሱ ራሱ ሞርሳ ላይ አስሮ ዙሪያውን በሞረድ ሳለው፤ ስለቱን በጥፍሩ እየፈተነ። ከዚያ ወረቀቱን ሸካራውን ወደ ታች አድርጎ ግንድ ላይ አነጠፈው፤ አሸዋው ስለቱን እንዳይበላበት ነው። ቧንቧውን አቆመና በትልቁ መዶሻ አንዴ አሳረፈበት። ክቧ ተበጥሳ ወጣች። ጠርዟን በአውራ ጣቱ ዞራት፤ የትም ቦታ አልተንሻፈፈችም።

እንደ ልጅ ደስ አለው። ሻካራውንም መካከለኛውንም ልሙንም ወረቀት ሲመታ ዋለ። ማሽኗን ወባዋ ለቀቃት።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ብረት ታናግራለህ!» አለ ወንድምየው።

አንድ ነገር ግን ዘንግቷል። የወረቀቱን ሻካራነት የሚናገረው ጀርባው ላይ የታተመው ቁጥር ነው። በመቀስ ሲቆርጥ፣ አባቱ እንዳስተማሩት፣ ቁጥሩን እያንዳንዱ ክብ መሃል እንዲቀር እያደረገ ነበር። ቧንቧው ይህን ከየት ይወቀው? እንዳረፈበት ቆረጠ፤ ቁጥሮቹ የተረፈው ቁርጥራጭ ላይ ቀርተው ከሰጋቱራው ጋር ተጠረጉ። «ጣቴ ይለየዋል» ብሎ ተማመነ። ዕድሜ ልኩን እንጨት ያለሰለሰ ጣት ግን ራሱም ለስልሷል።

አንዲት ፋርማሲስት ያዘዘችውን የምግብ ጠረጴዛ የመጨረሻ ማለስለስ «ለእኔ ተወው» ብሎ ወሰደ። ደስ እያለው፣ እያፏጨ ሠራው። ታናሽየው ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገና መዳፉን ደጋግሞ አሳለፈበት።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህን እየው።»

ውሃ ልክ ጎንበስ አለ። ያየው ጭሱን ነው።

«ያምራል» አለ።

ታናሽየው የወንድሙን እጅ ይዞ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። ጣቶቹ ምንም አልነገሩትም።

«ከዳር እስከ ዳር ተቧጭሯል እኮ፣ ጋሼ። ክብ በክብ ሆኗል። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እንደገና አለሰልሰዋለሁ። የክቦቹ ነገር ነው፤ ተደባልቀውብኝ…»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልኩህ!»

ታናሽየው ሄዶ የመጋዙን ገመድ ከሶኬቱ ሲነቅል ውሃ ልክ ሰማው፤ መጋዙ እኮ አልተነሳም ነበር። ከዚያ እርምጃው ወደ እሱ መጣ፣ ክርኑም ተያዘ። እንዲህ ያለ እጅ የት ቦታ እንደሚይዝ፣ ምን ያህል ጠበቅ እንደሚያደርግ ውሃ ልክ በደንብ ያውቀዋል።

«በሩ ይታየኛል» አለ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለ ታናሽየው። ክርኑን ግን አልለቀቀም።