በአማና የተሰጡ ሁለት ዓሣዎች

ይሄን ታሪክ የነገረችኝ አክስቴ ሀጀራ ራሷ ናት። አሁን እየሳቀች ነው የምታወራው፤ ያኔ ግን አልሳቀችም።

የሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ክረምት ነው፣ ቆቦ። አክስቴ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየ ይሁኔ የሚባል የጎጃም ልጅ ነበር፤ መምህር ነው፣ ላጤ። ይሄ ሰውዬ ምን እንዳለው ታውቃላችሁ? ዓሣ! የሚበላ አይደለም፣ የሚታይ። ጣት የሚያክሉ፣ እንደ በሰለ ብርቱካን የቀሉ ሁለት ዓሣዎች፣ በትልቅ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ። ከአዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ፣ ጄሪካን ጭኑ ላይ አቅፎ ነው ያመጣቸው።

ትምህርት ሲዘጋ ይሁኔ ቤተሰቦቹን ሊጠይቅ ሁለት ወር ሊሄድ ሆነ። የቀበሌ ይለፍ ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ብርጭቆውን ተሸክሞ አክስቴ በር ላይ ቆመ።

"እትዬ ሀጀራ፣ አማና፣ አደራ። ምግባቸው እዚች ቆርቆሮ ውስጥ ነው። በሁለት ቀን አንዴ፣ እንዲህ አንድ ቁንጥር" አለ፣ በሁለት ጣቱ እያሳየ። "ውሃው ሲቀየር ግማሹን ብቻ፤ አዲሱ ቀድቶ ያደረ ይሁን። ፀሐይ እንዳይነካቸው።"

"ሂድ በሰላም ግባ። አማና ብለኸኛል፣ እንደ ዓይኔ ነው የማያቸው።"

ውሃውን በደንብ ያዘች። የቆቦን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ብርጭቆውን ጥላ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችው፣ ጨርቁ በደረቀ ቁጥር ታርሰዋለች። ችግሩ ቁንጥሯ ናት። አስቡት እንግዲህ፣ እንግዳ "ጠገብኩ" ቢላት እንኳ "በሞቴ" ብላ ሦስቴ የምታጎርስ ሴት፣ በሁለት ቀን አንድ ቁንጥር? "ላጤ ምን ያውቃል፣ ራሱም በደረቅ ዳቦ ነው የሚያድረው" አለች።

በዚያ ላይ ረመዳን ነው። መግሪብ ደርሶ ቴምሯን ይዛ ስትቀመጥ፣ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ይመጡና አፋቸውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ። "እኔን! እነሱም ሲጾሙ ውለው!" ትልና ከቆርቆሮው ትዘግናለች። ዳቦም ትፈረፍርላቸዋለች።

ባሏ አሊ፣ "ሰውየው ቁንጥር ነው ያለው፣ ተይ እንጂ" ይላታል።

"አንተ ሳንቡሳህን ብላ! አፍ ከፍቶ የሚያየኝን ትቼ ለብቻዬ ልዋጥ?"

በሳምንቱ ውሃው ነጣ፣ መሽተትም ጀመረ። ትንሹ ዓሣ ሆዱ ተነፍቶ በጎኑ ተንሳፈፈ። ትልቁም ከላይ ቆሞ አየር ይለምናል። አክስቴ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? "ደክሟቸው ነው" ብላ ጨመረችላቸው!

ያን ቀን ጎረቤቷ ጋሽ አራጌ ሊጠይቃት ገባ፤ ዕድሜውን ሁሉ ከብት ሲያረባ የኖረ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ብርጭቆውን ሲያይ ቆየ።

"ሀጀራ፣ ይሄ ርሃብ አይደለም። እሸት ማሽላ ውስጥ ገብታ ያደረች ላም አይተሽ አታውቂም? ይኸውልሽ ሆዱን።"

"ላምና ዓሣን ምን አገናኛቸው?"

"ሆድ! ላሟን ከሳር ለይተን አይደል የምናሳድራት? አንቺም እነዚህን አስጹሚያቸው።"

አክስቴ አመዷ ቡን አለ። እያበላች ልትገድላቸው! ያኔውኑ ታች የዘቀጠውን ፍርፋሪ በሲኒ እየቀዳች አወጣች፤ ግማሹን ውሃ ባደረ ውሃ ለወጠች። ቆርቆሮውን ለአሊ ሰጠችውና "ብለምንህም እንዳትሰጠኝ" አለችው።

ትንሹ ግን በማግስቱ ሞተ።

ትልቁን አምስት ቀን አስጾመችው። ከራሷ ጾም የሱ ባሰባት። እፊቱ መብላት ስላልቻለች፣ ስታፈጥር ጓዳ ገብታ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። በአምስተኛው ቀን ወደ ታች ወርዶ እንደ ድሮው ሲዋኝ አየችው፤ "አልሐምዱሊላህ" ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲያ ቁንጥሯን የሚሰጠው አሊ ሆነ።

አማናው ግን ሁለት ነበር። አሊ፣ "ድመት ወሰደው በይውና ተገላገይ" አላት።

"ድመቷ ምን በደለችኝ?" አለች።

መስከረም ላይ ይሁኔ ሲመለስ ቤት እስኪደርስ አልጠበቀችም፤ መናኸሪያ ሄዳ ቆመች። ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ "አንዱን ገድዬብሃለሁ" አለችው። "በጥጋብ ነው የገደልኩት። ቁንጥር ስትለኝ ስስት መሰለኝ። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።"

ይሁኔ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። አንገቱን ደፋ።

"እኔም መጀመሪያ የገዛኋቸውን አራቱንም እንዲሁ ነው የጨረስኳቸው፤ እያበላሁ።"

"አንተ! ታዲያ ይሄን አትነግረኝም ነበር?"

"አፈርኩ፣ እትዬ ሀጀራ። መምህር ሆኜ..."

"ወይ አንተ ልጅ! ቁንጥር ከምትለኝ፣ አራት ገድያለሁ ብትለኝ እኮ እጄ ይፈራ ነበር!"

ጩኸቷን ሰምቶ ሹፌሩም ረዳቱም ዞረው አዩ። ይሁኔን ሳቅ አመለጠው።

"አትሳቅ!" አለችው። ሻንጣውን ብድግ አድርጋ ከፊት ከፊቱ ሄደች፤ እሱም እየሳቀ ተከተላት።