የጉራቻ አሥር ቀናት

ቡችላው ጉራቻ ኦቦ ቀጀላን የነከሳቸው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ገና አራት ወሩ ነበር፤ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጥቁር ስለሆነ ነው ጉራቻ ያሉት። ፀሐይዋ ከረር ስላለች ኦቦ ቀጀላ የሚበላበትን ጣባ ወደ ጥላው ሊያስጠጉለት ጎንበስ አሉ። እጃቸው ጣባው ጋ ሲደርስ ቡችላው እመር ብሎ አውራ ጣታቸው ሥር ጥርሱን ተከለ።

ደሙ በመዳፋቸው ላይ ሲወርድ አዩት። ሕመሙ አልነበረም ያስደነገጣቸው። ከጎጆ ከተማ ብርድ በካርቶን ተጭኖ የመጣውን ቡችላ በአሮጌ ሹራባቸው ጠቅልለው፣ ወተት በጣታቸው እያስላሱ ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ።

"ምን አደረግሁት?" አሉ። "አንዲት ድምፅ እንኳ ሳያሰማ!"

ባለቤታቸው አዴ ድንቅቱ ከጓዳ እየሮጡ መጥተው እጃቸውን ቧንቧ ሥር ይዘው በሳሙና ደጋግመው አጠቡላቸው። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ክትባቱ ተጀመረላቸው፤ ቡችላው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ይኑርበት አይኑርበት እስኪለይ አሥር ቀን ታስሮ እንዲጠበቅ ተነገራቸው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቤት ድረስ መጥታ ታየዋለች ተባለ።

በማግስቱ የአዴ ድንቅቱ ታናሽ ወንድም ተሬፋ ወሬውን ሰምቶ ከጎጆ መጣ። ቡችላውን መርጦ ያመጣላቸው እሱ ስለነበር ጥፋቱን የራሱ አድርጎት ነበር።

"ሶዳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ፣ የእህቱን ባል እንደ አገሩ ወግ አማች ብሎ እየጠራ። "እናቱ ሰባት ነው የወለደችው። ለሰባቱም አንድ ጣባ ነበር የሚቀርብላቸው። ሁሉንም ገፍትሮ የሚበላው እሱ ስለነበር ይህ ኃይለኛ ነው፣ ቤት ይጠብቃል ብዬ መረጥኩት። ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ግን አይያዝም። አሥሩ ቀን ይለፍና እኔው ወስጄ እገላግላችኋለሁ።"

ኦቦ ቀጀላ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከሰው ጋር ሲሆኑ ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ባለሙያዋ ሃዋኒ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣች። "አካም ጅርቱ" ብላ ገባች፤ ሁለቱን ሽማግሌዎች ጎንበስ ብላ ጨበጠችና ቡችላውን ከሩቁ ስታየው ቆየች። ምራቁን፣ አረማመዱን፣ ውኃ አጠጣጡን አየች፤ ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ጣባ ማደጉንም ሰማች። እስካሁን የበሽታ ምልክት እንደሌለበት ነገረቻቸው። ከዚያ ሲበላ ማየት እንደምትፈልግ ገለጸች።

አዴ ድንቅቱ ትርፍራፊውን በጣባ አቀረቡለት። ሃዋኒ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

"ኦቦ ቀጀላ፣ በቀስታ ይቅረቡት። እጅዎን ግን አይዘርጉ። ቁሙ ስልዎት ይቁሙ።"

ኦቦ ቀጀላ ጀርባቸውን ለእሷ ሰጥተው መራመድ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቡችላው ጣባው ላይ ተደፍቶ ይበላል። እንዲያውም ዛሬ ምግቡ ተስማምቶታል፣ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል ብለው ደስ አላቸው። አራተኛውን ሊራመዱ ሲሉ ኮታቸው ከኋላ ተጎተተ። ዞር ሲሉ ሃዋኒ ናት፤ ሮጣ ነው የደረሰችው፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ሦስት ጊዜ ቁሙ አልኩዎት እኮ!"

"አላልሽም" አሉ ኦቦ ቀጀላ።

"ብያለሁ። እሺ፣ የእኔስ ይቅር። ቡችላው እንዲያ ሲያጉረመርም አልሰሙትም?"

ኦቦ ቀጀላ ወደ ቡችላው ተመለከቱ። "ያጉረመርም ነበር?"

"ገና ሲነሱ ጀምሮ!" አሉ አዴ ድንቅቱ ከጓዳው በር። "ሁልጊዜ ነው የሚያጉረመርመው። ጓዳ ሆኜ እንኳ እሰማዋለሁ። አንተ ንቀህ የምትተወው ነበር የሚመስለኝ።"

ኦቦ ቀጀላ በርጩማ ፈልገው ተቀመጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርተዋል፤ ሞተሩ ሲነሳ ቆርቆሮው ሁሉ ይንቀጠቀጥ የነበረ፣ ሰው በምልክት ካልሆነ በቀር የማይግባባበት ቤት። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ጠፋባቸው። ቀጥሎ የሴቶችና የልጆች ድምፅ እየሳሳ ሄደ። የሰውን አፍ እያዩ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ያልሰሙትን ቀልድ እየሳቁ ማንም ሳያውቅባቸው እዚህ ደርሰዋል።

ሃዋኒ ነገሩ ገባት። ከፊታቸው ቁጢጥ ብላ ሳትጮኽ፣ አፏን ግን በደንብ እየከፈተች አስረዳቻቸው።

"ይህ ቡችላ ክፉ አይደለም፤ ፈሪ ነው። ጣባው ላይ እጅ ሲመጣ እንደ ወንድሞቹ የሚቀሙት እየመሰለው ነው። ሳይነክስ በፊት ብዙ ነገር ይናገራል። ድምፁን ባይሰሙት ዓይን አለዎት። መጀመሪያ አበላሉን ያፈጥናል።"

"ተስማምቶት መስሎኝ!"

"አይደለም፣ ሰግቶ ነው። ከዚያ መብላቱን ትቶ ድርቅ ይላል፤ አንገቱን ሳያዞር ዓይኑን ብቻ ወደ እርስዎ ይመልሳል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ቀጥሎ ከንፈሩ ይነሳል። ይህ ሁሉ 'እባክህ አትጠጋኝ' ማለቱ ነው።"

"ሲያጉረመርም ብቆጣውስ?" አሉ አዴ ድንቅቱ።

"እንዳያደርጉት አዴ። ከተመታ ማጉረምረሙን ይተዋል እንጂ ፍርሃቱን አይተውም። ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ የሚወጣው ያኔ ነው።"

ጣባውን እንዳይነኩበት፣ ከሩቅ ቆመው ከሚበላው የበለጠ የሚጣፍጥ ነገር ጣል አድርገውለት ወዲያው እንዲመለሱ መከረቻቸው። ሰው ሲመጣ ሊወስድበት ሳይሆን ሊጨምርለት እንደሆነ ቀስ እያለ ይማራል አለች። ከዚያ ተሰናብታ ሄደች።

ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ። አዴ ድንቅቱ ከጓዳው በር ወደ እሳቸው መጡ።

"አልሰማም፣ ድንቅቱ" አሉ ኦቦ ቀጀላ መሬት መሬቱን እያዩ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

አዴ ድንቅቱ መሬት እያየ ያለ ሰው አፋቸውን ሊያይ እንደማይችል ትዝ አላቸውና የባላቸውን አገጭ ቀና አድርገው እንደገና ጠየቁ።

"ኤቢሳ ከማግባቱ በፊት።"

የልጃቸው ሠርግ ሦስት ዓመት አልፎታል። አዴ ድንቅቱ በሐሳብ ወደ ኋላ ሄዱ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የነገሯቸውን፣ መልስ ያጡበትን፣ ከፍቷቸው የተኙበትን ቀን ሁሉ ቆጠሩ።

"የእህቴን መታመም የነገርኩህ ቀን 'ደግ ነው' ብለኸኝ ነበር።"

ኦቦ ቀጀላ ፊታቸው ተለወጠ። "እኔ? እንደዚያ ብያለሁ?"

"ብለሃል። ከዚያ ወዲህ የሆዴን አላወራሁህም።"

"ስንዴው ደረሰ ያልሽኝ መስሎኝ ይሆናል" አሉ ኦቦ ቀጀላ። "ምን ያልሽኝ እንደሆነ መጠየቅ አፈርኩ። አረጀ፣ ለምንም አይሆንም እንዳትይኝ።"

አዴ ድንቅቱ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር፣ ከሳቁ ኋላ እንባ ተከተለ። በርጩማቸውን ጎትተው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። "ያ ዋቅ! እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር" አሉ። የባላቸውን በፋሻ የታሰረ እጅ አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። የእህታቸውን ነገር ከመጀመሪያው እንደገና አወሩላቸው፤ ኦቦ ቀጀላም ያልሰሙትን ሁሉ እያስቆሙ ጠየቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥጋ ቤት ሳንባ እየተገዛ ይቀቀል፣ ይከተፍም ጀመር። ኦቦ ቀጀላ ከስድስት ርምጃ ቆመው ቁራጭ ይጥላሉ፣ ይመለሳሉ። በሦስተኛው ቀን ጉራቻ ሲያያቸው ከጣባው ቀና ማለት ጀመረ።

አሥሩ ቀን ካለፈ በኋላ ሃዋኒ መጥታ ቡችላው ጤነኛ መሆኑን አረጋገጠች። ቅዳሜ ተሬፋ ገመድ ይዞ ከች አለ።

"መጀመሪያ ቁጭ ብለህ እይ" አሉት ኦቦ ቀጀላ።

ጉራቻ እየበላ ነበር። ኦቦ ቀጀላ በዝግታ ሄደው አራት ርምጃ ሲቀራቸው ሳንባ ጣሉለት። ጅራቱ ተወዛወዘ። አንድ ርምጃ ጨመሩ፣ ደግመው ጣሉለት። አሁንም ጅራቱ ተወዛወዘ። ሌላ ርምጃ ሲጨምሩ ግን የቡችላው ጀርባ ድርቅ አለ፤ ጅራቱ ቆመ። ኦቦ ቀጀላ ያንን አይተው ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሱ።

"ምነው ተመለሱ? ምንም አላለም እኮ!" አለ ተሬፋ።

"ለዛሬ እዚህ ድረስ ይበቃል አለኝ" አሉ ኦቦ ቀጀላ።

ተሬፋ እህቱን አየ፤ እህቱ ፈገግ አሉ። ምሳውን በልቶ፣ ገመዱን በትከሻው አንጠልጥሎ ባዶ እጁን ወደ ጎጆ ተመለሰ።

ጉራቻ አሁን ትልቅ ውሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ነክሶ አያውቅም፤ ሲበላ ግን ዛሬም እንግዳ እንዲጠጋው አይወድም፣ ስለዚህ ከቤቱ ኋላ ለብቻው ይሰጡታል። የኦቦ ቀጀላን ጆሮ ሐኪም አይቶት የጠፋው መስማታቸው እንደማይመለስ ነግሯቸዋል፤ ማዳመጫ መሣሪያ እስኪገኝ ወረፋ እየጠበቁ ናቸው። አዴ ድንቅቱ ከጓዳ መጣራቱን ትተዋል። የሚነግሯቸው ነገር ሲኖር እጃቸውን በለበሱት ጠርገው ይወጡና ትከሻቸውን ነካ ያደርጋሉ፤ ፊታቸው እስኪዞርም ይጠብቃሉ።