የሽመና ክፍሉ ወሬ

ሐሙስ ጠዋት ተከፈተ፣ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው የሽመና አዳራሽ፣ አሁን የባህል ማዕከል ነው፣ ሪባኑም ተቆርጧል ጭብጨባውም አልቋል፣ ቀጭኗ ግን አልመጣችም።

ለፍላፊት የድሮ ቦታዋ ምሰሶው ሥር ቆማለች። ለፍላፊት ያሏት እዚሁ ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ድምፅ ሳታወጣ ስላወራች፣ ማሽኖቹ ሲነሱ ብትጮህም የሚሰማህ የለም፣ ወሬው በከንፈር ነው፣ አፍን ከፈት አድርጎ፣ ቃሉን አኝኮ፣ ትይዩ የቆመችው ታነብልሃለች፣ የሷን የምታነብላት ከማዶ ማሽን የምትቆመው፣ ቀጭኗ የሚሏት ነበረች። የልጅ ትዳር። የአለቃ ሐሜት። ከበሩ ውጪ አውቶቡሳቸው ለየቅል ነው፣ የቀጭኗን ድምፅ እንኳ በቅጡ አታስታውሰውም።

ወለሉ ተወልውሏል፣ ያ ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ያብረቀርቃል፣ ያኔ ብናኙ እንደ ጉም ነበር፣ አሁን ግድግዳው ላይ ሥዕል ሰቅለዋል፣ ሰማያዊ ነገር፣ ምኑ ይሆን፣ ይሁን፣ ከሚፈርስ ይሻላል። ከማሽኖቹ አንዷን አስቀርተዋል፣ በገመድ አጥረው፣ መንካት ክልክል ነው ብለው ጽፈውባት። መንካት ክልክል ነው! የሌባ ጣቴን ጫፍ ማን እንደበላው ቢያውቁ።

ቀጭኗንስ ጠርታችኋታል ወይ ልጄ፣ አስጎብኚዋን ነው የምትጠይቀው፣ ደውለናል እማማ፣ ደጋግመን፣ አያነሱም። አያነሱም። አዎ፣ የኔንም አታነሳም፣ ፋብሪካው ከተዘጋ ጀምሮ ይጠራል ይጠራል ይዘጋል፣ ቤቷንም ለቃለች አሉ፣ ልጇ ዘንድ ገባች አሉ፣ የት፣ እንጃ። ለምን እንደማታነሳ ግን ለፍላፊት ታውቃለች። በመጨረሻው ቀን ቀጭኗ ከማዶ አንድ ነገር ልትላት ከንፈሯን ስትከፍት ለፍላፊት ፊቷን አዞረችባት። እንባ ነው፣ እንባዋን እንዳታይባት። ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፊት ማዞር ጆሮ መድፈን ነው፣ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም፣ ለዚያ ለመናጢ አለቃ እንኳ አልተደረገም። መልሳ ዞር ስትል ማሽኑ ቆሟል፣ ቀጭኗም የለችም። ምን ልትላት ነበር?

ድምፁ ድንገት ይለቀቃል። የማሽኖቹ ድምፅ፣ ቀርጸው ያስቀሩት፣ ከድምፅ ማጉያ፣ አዳራሹን ሞላው፣ እንግዶቹ ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ እሷ ግን ሰውነቷ ተፍታታ፣ እጇ ክር ፍለጋ ሄደ፣ አንገቷ ቀና፣ ከንፈሯ ተከፈተ፣ ወደ ማዶ፣ ማንም ወደሌለበት፣ የት ጠፋሽ አንቺ፣ እያለቀስኩ ነበርኮ፣ ለዚህ ነው የዞርኩት፣ ሞኝ፣ ባንቺ ላይ ፊቴን የማዞር ይመስልሻል፣ ያቺን ቢጫ ሻርፕ ደግሞ እስካሁን አልጣልሻትም አይደል።

የማሽኖቹ ድምፅ ይቆማል። ከዚያ ጭብጨባ። ትርኢት መስሏቸው፣ ስልካቸውን ደቅነው፣ እማማ እስቲ ይድገሙልን ይላል አንዱ፣ ምኑን ልድገምልህ የኔ ልጅ፣ መውጫው በየት ነው፣ ድሮ በዚህ ነበር፣ አሁን መስተዋት ነው።

ቤት። አልጋው ጫፍ ላይ። ሬዲዮኑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ከንፈር የሌለው ወሬ ምን ይሠራል። ትደውላለች። ይጠራል። ይጠራል። ቂም ይዛለች፣ ከነቂሟ ትሙት፣ አይ፣ አትሙት፣ ትኑር፣ ብቻ ታንሳ፣ አንድ ጊዜ ታንሳና ትስደበኝ።

ሰኞ አስጎብኚዋ ትደውላለች። እማማ፣ አንዲት ቢጫ ሻርፕ የጠመጠሙ ሴትዮ ከልጃቸው ጋር በሩ ላይ ቆመዋል፣ ሰው የቀረጸዎትን ቪዲዮ አይተው ነው የመጡት፣ ስናናግራቸው አይመልሱም፣ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ፣ ልጃቸው እንደምትለው ጆሯቸው መስማት ያቆመው ገና ፋብሪካው ሳይዘጋ ነው፣ እዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ማንም አላወቀባቸውም፣ ስልክ የሚይዙትም ሰዓት ለማየት ነው።