የሽባባው ግራ ትከሻ

ባለቤቴ ሽባባው ሰው ፊት አይታመምም። እቤት ውስጥ በር ተዘግቶ ሸሚዙን የማለብሰው እኔ ነኝ፤ ቀኝ ክንዱን ይዤ ቀስ አድርጌ እጅጌው ውስጥ አስገባለሁ። በሩ ሲከፈት ግን «እንዴት አደርክ?» ላለው ሁሉ መልሱ «ተመስገን፣ ብረት ነኝ!» ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ቀኝ ትከሻው የተጎዳው ባድመ ጦርነት ላይ ነው። ክንዴ የሚባል የቆሰለ ጓደኛውን ተሸክሞ ሲሮጥ ምሽግ ውስጥ ወደቀና ትከሻው ወለቀ። ወጌሻነት የሚያውቅ አንድ ወታደር እዚያው መለሰለት። ጥይት አልገባበትምና ጠባሳ የለውም፤ ጠባሳ ስለሌለውም ሲሰናበት «ቀላል ጉዳት» ተብሎ ተጻፈለት። ያ ቀላል ጉዳት ከዓመት ዓመት እየከበደ ሄዶ ጅራፍ ማንሳት ከለከለው። ጥርባ የሚባል ቦታ አጠገብ ያለችንን መሬት ለእኩል አራሽ ሰጠን።

ይኼኔ የገዛ ወንድሜ ምንይችል አፉን ከፈተ። ጠላ ቤት አይል፣ ሰንበቴ አይል፣ «ሙሉ ሰው ሆኖ በሰው የሚያሳርስ! ትከሻው ምን ሆነ? እስቲ ቁስሉን ያሳየን!» ይል ጀመር። ሽባባው ይህን ሰምቶ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። የጉዳት ጡረታ ጠይቅ እያልኩ ስንት ዓመት ስጨቀጭቀው አሻፈረኝ ያለ ሰው፣ በሦስተኛው ቀን ራሱ ተነሳ።

«ብሩ ቢቀርም ይቅር» አለኝ። «ሰነፍ አለመሆኔን ግን ማኅተም ያለው ወረቀት ይናገርልኝ።»

እንጅባራ ሄደን የሕክምና ቦርዱ ፊት ቀረብን። መርማሪዋ ዶክተር እመቤት የምትባል ልጅ እግር ሴት ናት። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ።

«እንደምን አሉ አባቴ?» አለችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና!»

«ትከሻዎስ?»

«ይመስገነው! እሱም ደህና ነው።»

ዶክተሯ ጻፈች። እኔ ከኋላ ብስል፣ ጉሮሮዬን ብጠርግ ማን ሰምቶኝ! «እስቲ ቀኝ ክንድዎን ወደ ላይ ያንሱት» አለችው። ሴት ልጅ ፊት «አልችልም» ከሚል ሞቱን የሚመርጠው ባሌ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ክንዱን ጆሮው ድረስ አነሳና «ይኸው!» አላት። ደግሞ ፈገግ አለላት!

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ክንዱን በነጠላዬ አንጠልጥዬለት፣ እንባው እየወረደ «አቧራ ነው» ይለኛል። በሦስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ፤ ትከሻው ይሠራል፣ ታካሚውም ራሱ ደህና ነኝ ብሏል ይላል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚባለው ተረት እኛ ቤት አልደረሰም።

ይግባኝ ብለን ለማክሰኞ ተቀጠርን። ከማክሰኞው በፊት ባለው እሑድ ግን ዳንግላ ላይ ሠርግ አለብን፤ የእህቱ ልጅ ናርዶስ ታገባለች።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ሽባባውን ያገባሁት ለመሬቱ አይደለም፣ ለትከሻው ነው። ከመዝመቱ በፊት እስክስታ ሲወርድ አዘና ድረስ ይወራለት ነበር። ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ ግን ሠርግ ቤት ጥግ ይዞ ይቀመጣል እንጂ ተነስቶ አያውቅም። ዘንድሮ የሙሽሪት አጎት ነውና ይጠሩታል ብዬ ፈራሁ። «ትከሻዬን አመመኝ ያለው ሰውዬ እስክስታ ሲመታ ዋለ» የሚል ወሬ ቦርዱ ዘንድ ከገባ አለቀልን። እንዳይነሳ በጊዮርጊስ አስማልኩት፤ ማለልኝ።

ዳሱ ውስጥ ከኋላው ተቀምጬ የጋቢውን ጫፍ ጨብጫለሁ። የሙሽራው ወገኖች ሲገቡ ከመካከላቸው ማንን ባይ ጥሩ ነው? ዶክተር እመቤትን! የሙሽራው የአክስት ልጅ ኖራለች። መጥታ ፊት ለፊታችን ተቀመጠች። ያን ጊዜ ደግሞ ዘፋኙ መሰንቆውን ይዞ ወደ እኛ ዞረ፤

«የናርዶስ አጎቷ፣ ሽባባው ጎምላላ፣
ካልተነሳ ዛሬ፣ ሠርጉም አልተበላ!»

ጋቢውን ሳብኩ። ጋቢው እጄ ላይ ቀረ፣ ሰውዬው ሄደ።

መሐል ገብቶ ቆመ። ግራ ትከሻው ተነሳ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወረደ፤ ያው የማውቀው ትከሻ ነው። ቀኙ ግን ገመድ ላይ እንደ ተሰጣ ኮት ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። ወጣቶቹ «አዲስ ስልት ነው!» ብለው ዘለው ገቡና ጥቂት ቆይቶ የዳሱ ሰው ሁሉ ቀኙን አስሮ በግራው ብቻ ይመታ ጀመር። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ግን ግማሹ ባሌ ባድመ ላይ መቅረቱ ያኔ ገባኝና አለቀስኩ። አጠገቤ ምንይችል የጎረሰውን ሳይውጥ ያየዋል። ዶክተሯም ምግቧን ትታ ታያለች። አለቀልን አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ምንይችል ሳንጠራው መጣ። «ፋይሉን እኔ ልያዝላችሁ» አለና ከእጄ ተቀበለኝ።

«እሑድ ሲጨፍሩ አየሁዎት» አለች ዶክተር እመቤት፣ ገና ቦርዱ ፊት እንደቀረብን። ላስተባብል ብድግ አልኩ። እሷ ግን ወደ ሁለቱ ባልደረቦቿ ዞረች። «እኔ ጎጃም ነው ያደግሁት። ስሙ ተጠርቶ ተዘፍኖለት፣ አንዱን ትከሻ ቤቱ ትቶ የሚነሳ ወንድ አይቼ አላውቅም። እኚህ ሰው እኔን ዋሽተውኛል፤ ዘፈኑን ግን መዋሸት አልቻሉም።»

ራጅ አስነሳችው። ከዚያ ሸሚዙን አስወልቃ ክንዱን በራሷ እጅ ያዘች። «ዛሬ ተመስገን ማለት ክልክል ነው። ሲያምዎ ያመኛል ይበሉ።»

ክንዱ ደረቱ ድረስ ደረሰና ቆመ። ሽባባው ዞሮ አየኝ።

«ያመኛል» አለ።

በሃያ ስድስት ዓመት ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አንዴ ከቀመሰው በኋላ ደግሞ ማን ያቁመው! «እዚህም ያመኛል! ስተኛም ያመኛል! ሳማትብ ያመኛል! ያን ቀን ለአንቺ ሳነሳልሽማ ነፍሴ ልትወጣ ነበር!» ዶክተሯ ጽፋ መድረስ አቃታት። ራጁም ቃሉን አረጋገጠለት። «ቋሚ ጉዳት» ተብሎ ተጻፈ፣ ማኅተሙ ተመታ።

ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ሽባባው ወረቀቱን ለምንይችል ሰጠውና ሸሚዙን እንደያዘ ቆመ። እኔ እንደ ልማዴ በር የሚዘጋበት ክፍል በዓይኔ ስፈልግ «ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ቀኝ ክንዱን እስከሚችለው ድረስ ዘረጋልኝ። «እዚሁ አልብሺኝ።»

ሰው ሁሉ እያየ እጅጌውን አስገባሁለት። ምንይችል ሁለቱም እጁ እንዲፈታ ወረቀቱን በጥርሱ ነክሶ በዚያኛው በኩል ሸሚዙን ያዘለት።

«አንተ» አለው ሽባባው፣ «ማኅተሙን እንዳትበላብኝ።»