ጀልባ የሚጎትት መኪና

ሰዓት ሠሪው ሚስቱ በሞተች በአምስተኛው ወር ጀልባ የሚጎትት ፒክአፕ ሊገዛ ወሰነ።

የሰማ ሁሉ ተገረመ። ሰውየው በስድሳ ዓመት ዕድሜው ከምስር ፍሬ የሚበልጥ ነገር ነክቶ የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ሱቁ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ናት፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ወረንጦውን ይዞ፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ቀና ሳይል ለመጣው ሁሉ «አንድ ደቂቃ» ይላል። በዚህ የተነሣ የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ደቂቃ» ይለዋል። ደቂቃው አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ እሱ የሠራው ሰዓት ግን ተመልሶ አይመጣም።

ጀልባዋ የሚስቱ ነበረች። ሚስቱ አዋላጅ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ስትቀበል ኖራ ጡረታ በወጣች በወሩ፣ ማንንም ሳታማክር፣ ያገለገለች ጀልባ ከነተጎታቿ ገዝታ ግቢ አስገባች። ያደገችው ሐይቅ ዳር ነው፤ አባቷ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። «ዕድሜዬን ሌላውን ሳስወጣ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ ራሴ ልውጣ» አለች። ደቂቃ ጀልባዋን ዞሮ አያትና «የወጥ ቤቱን መስኮት ጋረደችው» አለ። እሷም ከት ብላ ሳቀች። ሐይቁ ድረስ ሳትወስዳት አንድ ማክሰኞ አመማት፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ ተቀበረች።

ደቂቃ አላለቀሰም። ሰው ጠበቀው፣ ጠበቀው፣ በመጨረሻ ተሰላቸ። የሚወዱት «በሆዱ ነው የሚያለቅሰው» አሉ። የማይወዱት «እንጨት» አሉት። ሐኪም ጥርስ ሊነቅል ድድ ሲያደነዝዝ የገዛ ከንፈር የጎረቤት ከንፈር ይመስላል፤ እንደዚያ ነበር የሆነው፣ ግን ሁለመናው። ጠዋት ይነሣል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ጀልባዋ በጋረደችው መስኮት አጠገብ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ ይበላል። ምን በላህ ቢሉት ሰሃኑን ማየት ነበረበት።

አንድ ቀን አማቱ፣ የሚስቱ አባት፣ ደወሉ። በስልክ ሲያወሩ ከሐይቁ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ ይጮኻሉ።

«ጀልባዋ አለች?»

«አለች፣ አባባ።»

«ፀሐይ እየበላት ነዋ።»

«ሸራ አልብሻታለሁ።»

«ጀልባ ሸራ ለብሳ አትኖርም። አምጣልኝ።»

«እሺ።»

እሺ ማለት ቀላል ነው። የደቂቃ ትንሽ መኪና ጀልባዋን የምትነቀንቅ አይደለችም። ጎረቤቱ በቤት መኪናው ሊጎትትለት ሞከረ፤ ጀልባዋ የግቢውን በር ሳታልፍ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ሰፈሩ ሁሉ ሸተተ። ፒክአፕ ያለው አንድ ነጋዴ መጥቶ አያትና «የኔዋ መጎተቻ መንጠቆ የላትም» ብሎ ሄደ። ሌላው «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ፤ ቅዳሜ አራት ጊዜ መጣ፣ እሱ ግን አልመጣም። በአምስተኛው ቅዳሜ ደቂቃ ለዋርሳው፣ ለሚስቱ ታናሽ እህት፣ መኪና እንደሚገዛ ነገራት።

ዋርሳው ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት። በሳምንት ሁለት ቀን ምግብ ይዛለት ትመጣለች። ድሮም አፏ አያርፍም፤ እህቷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ባሰባት፣ ዝም ካለች ታለቅሳለችና።

«ጋሼ፣ ለአንድ ጉዞ ተብሎ መኪና ይገዛል?»

«መጎተት አለባት።»

«እሱስ ገባኝ። ከዚያ በኋላስ? ሰዓት ልትጭንበት ነው?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ደግሞ መልስ ነው?»

«አይደለም» አለ።

ፊቱን አየችው። ክርክር የሚያነሣ ፊት አልነበረም፤ ባዶ ቤት በር ላይ እንደ ማንኳኳት ነው። «እንግዲያው ብቻህን አትሄድም» አለችው። «አንተን ደላላ ሳያኝክ ነው የሚውጥህ።»

አንድ መካኒክም አብሯቸው ሄደ። የሰውየውን ሦስት ልጆች የደቂቃ ሚስት ነበረች ያዋለደችው። ሲጠሩት ሥራውን ጥሎ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

የመኪና መሸጫው በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ሜዳ ነው። ደላላው መለሎ ሰው ነው፣ አፈ ቅቤ። ቀድሞ ወደ አንዲት የምታብረቀርቅ ቀይ ፒክአፕ ወሰዳቸው። «ይቺ ጀልባውን ብቻ መሰላችሁ? ሐይቁን ከነዓሣው ነው የምትጎትተው» አለ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሣ። ደቂቃ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

«አንዱ ይዘገያል» አለ።

«ምኑ?» አለ ደላላው።

«አራት ናቸው፤ አንዱ በየዙሩ ይዘገያል።»

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ፤ የሆነ ነገር ፈታ፣ ገጠመ፣ እንደገና አዳመጠ። «እውነቱን ነው። አንዱ ሲሊንደር ደክሟል። እኔ አልሰማሁትም ነበር።»

«እኔ ስምንት ዓመት እዚህ ስቆም እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም» አለ ደላላው።

«የምትሰማው ራስህን ብቻ ስለሆነ ነዋ» አለችው ዋርሳው።

ከሜዳው ጥግ፣ ከጎማ ክምር ጀርባ፣ አንዲት ግራጫ ፒክአፕ ነበረች። የግራ በሯ ተጨርምቷል፣ ወንበሯ ተቀዷል፤ ሆኖም ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ናት፣ አራቱም ጎማዋ ይስባል፣ ከኋላዋም ወፍራም መንጠቆ አላት። መካኒኩ ሥሯ ገብቶ በመዶሻ እያንኳኳ፣ ከዚያው ከሥር ሆኖ «ሻንሲዋ፣ የሥር ብረቷ፣ ጤነኛ ነው። መልኳ ነው እንጂ ሌላ ጉድ የላትም» አለ። ሞተሯ ሲነሣ ደቂቃ አሁንም ዓይኑን ጨፈነ። አራቱም እኩል ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሱ ግን በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ ብቻ።

የራሱን ትንሽ መኪና በለውጥ ሰጠ። ደላላው ሊሞክራት ገባና ሁለቱ ጉልበቶቹ መሪው ሥር ተቀረቀሩ።

«ይሄን ወንበር እንዲህ ያስጠጋው ማነው? ጋሼ፣ አንተስ እንዴት ብለህ ነው የምትነዳው?»

ደቂቃ አምስት ወር ሙሉ ጉልበቱን ከዳሽቦርዱ ጋር እያጋጨ ነበር የሚነዳው። ሚስቱ አጭር ነበረች። ከእሱ በፊት ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት፤ እሱ አልነካውም። ደላላው መልስ ሳይጠብቅ ከወንበሩ ሥር ያለውን ብረት ሳበና በእግሩ ገፋ። ወንበሩ ክርር ብሎ ወደ ኋላ ሄደ፣ ቀጭ ብሎ ቆመ።

ዋርሳው ፊቷን ወደ ቆርቆሮው አዞረች። ደቂቃ ባለበት ቆሞ አየ። አሁን የሆነ ነገር ይሰማኛል ብሎ፣ ሰው አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ቁልፉን ሰጥቶ ፈረመ።

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ በኋላ መካኒኩ ተጎታች ወደ ኋላ መንዳት አስተማረው። «መሪውን ወደ ግራ ስታዞር ኋላዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። የኔን ትልቁን ልጅ አስብ፤ ያዘዝከውን ገልብጦ ነው የሚያደርገው።» እሑድ ጠዋት መንጠቆውን አያይዘው ጀልባዋን ከግቢ አወጧት። ለስምንት ወር ገደማ ጨለማ የነበረው የወጥ ቤት መስኮት ላይ ፀሐይ ወደቀ። ዋርሳው «ጋሼ፣ እይ» አለችው። «አየሁት» አለ።

እስከ ሐይቁ አራት ሰዓት ፈጀባቸው። ቀስ ብሎ ስለነዳ ከኋላው የመኪና ሰልፍ ተሠራ፤ ያለፈ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ አለፈ። ዋርሳው መንገዱን ሙሉ ስለ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አወራች። እሱ «እም» ይላል።

አማቱ ከውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ። ሴት ልጃቸውን አቀፉ፣ የደቂቃን ትከሻ ጨበጥ አደረጉና ወደ ጀልባዋ ሄዱ። ሸራውን ገልጠው ጎኗን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «ደህና ናት» አሉ።

ጀልባ የሚወርድበት ሲሚንቶ ጠባብ ነበር። ደቂቃ ዘጠኝ ጊዜ ሞከረ። መረብ የሚጠግኑ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ያዩት ጀመር፤ አንዱ «ሐይቁን ብናስጠጋለት ይሻላል» አለ። በአሥረኛው ተጎታቿ ቀጥ ብላ ውሃው ውስጥ ገባች። አማቱ ጀልባዋ ላይ ወጡ፣ ገመዱን ለዋርሳው ወረወሩላት፣ ጀልባዋም ተንሳፈፈች። ደቂቃ ፒክአፗን ከነተጎታቹ ዳገቱ ላይ አቁሞ በእግሩ ተመለሰ።

ሲመለስ ጀልባዋ ወደ ኋላዋ አዘንብላ ነበር።

«ውሃ እየገባ ነው» አሉ አማቱ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው በዝግታ። «መድፈኛዋ የታለች?»

«የምን መድፈኛ?»

ጀልባ የብስ ላይ ስትቆም የዝናብ ውሃ የሚወጣባት ከኋላዋ፣ ታች፣ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ አለቻት። ወደ ሐይቅ ስትገባ ትደፈናለች። መድፈኛውን የት እንዳስቀመጠችው የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች።

ደቂቃ ጫማውን አላወለቀም። እንደለበሰ እስከ ደረቱ ገባ፤ የጀልባዋን ኋላ በእጁ ከላይ ወደ ታች ዳሰሰ። በዓይን የማይታይ ብሎን አንሥቶ ቦታው የሚመልስ ጣት ነው፤ ቀዳዳዋን ወዲያው አገኛት። አውራ ጣቱን ሰካባት። ውሃው ቆመ።

«እንዳታነሣ» አሉ አማቱ።

«አላነሣም።»

«ጨርቅ ብንወትፍባትስ?» አለች ዋርሳው።

«ትተፋዋለች። አንቺ ገመዱን እሰሪና ውሃውን በባልዲ ቅጂ።» አዛውንቱ ከኪሳቸው ካራ አወጡ፣ ከተሰበረ መቅዘፊያ አንድ ቁራጭ እንጨት ቆረጡ፣ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው መቅረጽ ጀመሩ። እየቀረጹ ወደ ታች አዩት።

«እሷም እንዲህ አድርጋ ታውቃለች።»

«ማን?»

«ሚስትህ። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የእንጨቷ ጀልባዬ ተቀደደችብን፤ ከመሀል ሐይቅ እስከዚህ ድረስ ተረከዟን ቀዳዳው ላይ ተክላ መጣች። ስንደርስ እግሯ ጠቁሯል። አላለቀሰችም። ‹አባባ፣ ራበኝ› ነው ያለችኝ።»

ደቂቃ ጣቱን ከቀዳዳዋ ሳያነሣ ቀና ብሎ አያቸው።

«አልነገረችኝም» አለ።

«ምኑን?»

«ይሄን። ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖርን። አልነገረችኝም።»

«ረስታው ይሆናላ። ለእሷ ምንም ማለት አልነበረም።»

ሚስቱ ያለቀች መስሎት ነበር። ስለ እሷ የሚታወቀውን ሁሉ የሚያውቅ፣ ከእንግዲህ የሚጨመር የሌለ መስሎት ነበር። ውሃው ውስጥ ቆሞ ያቺን የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አንድ እግሯን ዘርግታ የተቀመጠችውን፣ አያት። ከዚያ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር።

«አባባ፣ በረደኝ።»

«ሐይቅ ውስጥ ቆመህ ልትሞቅ ነበር?»

አምስት ወር ሙሉ በረደኝም፣ ራበኝም፣ አመመኝም ብሎ አያውቅም ነበር። ዋርሳው ባልዲዋን ይዛ ቆመች።

«ሌላስ?» አለ ደቂቃ።

«ሌላ ምን?»

«ሌላስ ምን አደረገች?»

አዛውንቱ ካራቸውን አቁመው አሰቡ። «የቱን ልንገርህ» አሉ፤ ከዚያ ነገሩት። የጎረቤት ዳክዬ ሰርቃ አልጋ ሥር ስለደበቀችበት ቀን፣ ዋና ሳታውቅ አውቃለሁ ብላ ስለተወራረደችበት ቀን። የተቀረጸው እንጨት ልክ ሲሆን ደቂቃ ጣቱን አወጣ፤ አማቱ መድፈኛውን በድንጋይ መቱት። ገጠመ።

አውራ ጣቱ ለሁለት ቀን አልታጠፈለትም። ወረንጦ መያዝ ስላቃተው ሱቁን ዘግቶ ተኛ፤ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሲነቃ ትራሱ ርሶ ነበር። ለማንም አልተናገረም፤ ዋርሳው ግን የትራሱን ልብስ አጥባ አሰጣችው።

ግራጫዋ ፒክአፕ አሁንም ደጁ ትቆማለች። ምን ትሠራልሃለች ሲሉት «ሐይቅ እሄድባታለሁ» ይላል። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ይሄዳል። ዓሣ አያጠምድም፤ ጀልባዋ ላይ ከአማቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያዳምጣል። አዛውንቱ ረስተው አንዱን ታሪክ ደግመው ሲያወሩለት፣ ሰምቼዋለሁ አይልም።