እንዳይፈታ የተለመነ ብሎን

ብሎን አልፈታ ብሎት የሚራገም ሰው ሞልቷል። እንዳይፈታ የሚማጠን ግን ከእትዬ በቀር ይኑር አይኑር እንጃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሲያርፍ ከግቢው ጥግ አንዲት አሮጌ ቫን ትቶ ሄደ፤ ዕድሜ ልኩን የሰው ዕቃ ያመላለሰባት፣ ቀለሟ የተላጠ፣ በኋላ እግሯ ቁጭ ያለች ቫን። ቫኗ ለልጁ ደረሰች። ልጁ የእትዬ አብራክ ክፋይ አይደለም፤ እሷ የእንጀራ እናቱ ናት። ገና የወተት ጥርሱን ሳይጨርስ እጇ ላይ ወደቀ፤ አጥባ አጉርሳ አሳደገችው። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ቃል በዋጋ የሚገዛ ይመስል አይናገርም። ሰፈርተኛው «ድፍኑ» ይለዋል። ይውደዳት ይጥላት አንድ ቀን ነግሯት አያውቅም። እሷም ጠይቃው አታውቅም፤ ምን ብላ ትጠይቀው? ዝም አይነቅዝም ብለው ዝም እንደተባባሉ ይኸው እሱ ጎለመሰ፣ እሷ አረጀች።

አባቱ ከተቀበረ ወዲህ ድፍኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ከከተማው ወዲያ ጫፍ ያለ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። ቱታውን ለብሶ ከቫኗ ሥር ይገባል። የኋላ እግሯን የሚሸከመው ባሌስትራ ተሰብሯል፤ ባሌስትራውን የያዘው ብሎን ደግሞ በዝገት ከተሰካበት ቀዳዳ ጋር አንድ አካል ሆኖ አልላቀቅ ብሏል። ከጫፉ የሚጠብቀው ዳዶ ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ ወልቋል፤ ብሎኑ ራሱ ነው እምቢ ያለው። ብሎኑ ከወጣ ባሌስትራው ይቀየራል፤ ባሌስትራው ከተቀየረ ቫኗ ትነሳለች፤ ቫኗ ከተነሳች ድፍኑ ነድቷት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ምን ሊያደርግ ይመጣል? የወለደችው ቢሆን ጎትታም ታመጣው ነበር። ይሄንን በምን መብቷ?

ድፍኑ ዘይት ያንቆረቁርበታል፣ ጥቂት ይደበድበዋል፣ ከዚያ «ሳምንቱን ይጠጣ፤ ቅዳሜ እናየዋለን» ብሎ ይሄዳል። ቀጥሎ ያለው የእትዬ ተራ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ጎረቤት ገበያ ሲወጣ ጠብቃ፣ ማዳበሪያ አንጥፋ፣ ወገቧን እየረገመች ቫኗ ሥር ትሳባለች። ዘይቱን በጨርቅ ሙልጭ አድርጋ ትጠርገዋለች። በጣሳ ይዛ የገባችውን የጨው ውሃ ደግሞ ጠብ፣ ጠብ ታደርግበታለች። ወይ ጉድ! ባሏ በሕይወት ሳለ ጨው ብረት ይበላል እያለ ሲቆጣ ሰምታለች፤ የሰማችውን ምክር ገልብጣ ለተንኮል አዋለችው። «ይቅር በለኝ» ትላለች፣ ባሏን ይሁን ብሎኑን ሳታውቀው።

አንድ ሐሙስ ጎረቤቷ የሆነው በያጅ ጥላሸቱን ሳይታጠብ ዘው አለ። የዚህ ሰው አፍ አንዴ ከተነሳ ማቆሚያ የለውም።

«እትዬ፣ ይቺ ጉድ ዛሬም አልተነሳችም?»

«ብሎኑ እምቢ ብሎ ነው።»

በያጁ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ። «ይሄ? ይሄንንማ ምራቅዎን እስኪውጡ ቆርጬ እጥልልዎታለሁ! ባለፈው ለልጅዎ ልቁረጥልህ ስለው ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹ንክች እንዳታደርገው› ብሎ ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። እሱ እኮ እንዲህ ያለውን ሲፈታ የሚውል ሰው ነው፤ መቁረጫም ሞልቶታል። ምን እንደነካው እንጃ!»

እትዬ «ይሁን ግድ የለም» ብላ ሸኘችውና ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች። «ልጅዎ» መባሏ ብቻውን አንጀቷን አርሶታል። ግን መቁረጥ እያለ ለምን ቅዳሜውን ሁሉ ብረት ሲደበድብ ይውላል? አንድ ሐሳብ መጣላት። «አይ አንቺ ሴትዮ፣ ምኞትሽ አያልቅም!» ብላ አባረረችው። ሐሳቡ ዞሮ ተመልሶ መጣ።

ቅዳሜ ድፍኑ እንደ ወትሮው «እንደምን አደሩ» አለና ክሪኩን አስገብቶ፣ ቫኗን አንስቶ፣ ከሥሯ ተንጋለለ። እትዬ በርጩማዋን አቅርባ ባትሪ ታበራለታለች። መፍቻውን አስገባ፣ በቧንቧ አስረዘመው፣ ሳበ። ምንም የለም። የብሎኑን ጭንቅላት በመዶሻ መታ መታ አደረገና ለወጉ ያህል አንዴ ደግሞ ሳበ።

ብሎኑ ሲጥ ብሎ ዞረ።

ሁለቱም ደነገጡ። ዘይቱና ጨዉ ስንት ጊዜ ሲሟገቱ ከርመው፣ ለካ ዘይቱ ረትቶ ኖሯል። ድፍኑ ከወዲያ በኩል ነካ ነካ ሲያደርገው እንደ ታዛዥ ልጅ ወጣ። ሌላ ቤት ቢሆን እሰይ ይባል ነበር። እዚህ ግን እትዬ ባትሪውን አጠፋችው።

«ወጣ» አለ ድፍኑ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ብትፈልግ አጣች።

ከዚህ በላይ ሆዷ አልችል አለ። «ስማኝማ! ብትጠላኝም ጥላኝ። ያስቸገርኩህ እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ የጨው ውሃ ሳጠጣው ነው የከረምኩት። ከተፈታ አትመጣም ብዬ ነው። ቫኗን ይዘህ ትቀርብኛለህ ብዬ ነው።»

ከሥር የሚታዩዋት ጫማዎቹ ብቻ ናቸው። ጫማዎቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አስለቀስኩት ብላ ልትነሳ ስትል ሳቁ ተሰማ። ድፍኑ፣ ያ ድፍኑ፣ ከት ከት ብሎ ይስቃል!

«አውቃለሁ» አላት።

«ምኑን?»

«ጨዉን። ሲደርቅ ነጭ ይሆናል እኮ፣ እትዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«ቆይቷል።»

«አንተ! ወገቤ እስኪቆረጥ እዚህ ሥር ስሳብ ዝም ብለህ ታያለህ? ለምን አልነገርከኝም?»

ድፍኑ ሳቁን ዋጠ።

«ብነግርዎት ይተዉት ነበራ» አለ። «እኔ ደግሞ ስመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ነጩ ካለ፣ እትዬ ዛሬም መምጣቴን ይፈልጋሉ እላለሁ።»

እትዬ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ድፍኑ ከሥር ወጥቶ ዝገት እንደለበሰ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። በቀሚሷ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት፤ ልጅ ሳለ እንደምታደርገው አገጩን ይዛ። ፊቱን አልመለሰም።

«ብሎን ባይኖርም ና» አለችው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ና፣ ልጄ።»

ፊት ለፊቱ ልጄ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ድፍኑ አቀርቅሮ እጁን በጨርቅ አሸት አሸት አደረገ።

«እሁድስ?» አላት።